ባዶ ክብደቱን የሚቀንሰው ማን ነው? ኮምፓይለሩ ራሱ ፕሮግራሜን እንዲከታተልልኝ ማድረግ እችላለሁ?

የሐረጎ ተመላላሽ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ሐረጎን ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። የምሠራበት የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ የጭነት መኪና ሚዛን አለ። የሚዛኑ ማሳያ ክብደቱን በሲሪያል ገመድ ወደ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይልካል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፕሮግራም በሲ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የደንበኛ መኪኖች ባዶ ክብደት አስቀድሞ ተመዝግቧል። መኪናው ማሽላ ወይም ስንዴ ጭኖ ሲመጣ መዛኙ ታርጋውን ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ ባዶ ክብደቱን ከመዝገብ ያነሣል፣ ሙሉውን ከሚዛኑ ያነባል፣ ቀንሶ የእህሉን ኪሎ ካርኒ ላይ ያትማል። ሚዛኑ በ20 በ20 ኪሎ ነው የሚቆጥረው።

አልፎ አልፎ ካርኒው ላይ የሚወጣው ባዶ ክብደት መዝገቡ ላይ ካለው ያንሳል። ባዶው ሲያንስ እህሉ በዝቶ ይታያል፣ መጋዘኑም ላልገባ እህል ይከፍላል። ሂሳብ ክፍል ሲያመሳክር አራት ካርኒ አገኘ፤ 5,340 የነበረው 5,120 ሆኖ፣ 5,480 የነበረው 5,376፣ 11,840 የነበረው 11,776፣ 14,220 የነበረው 14,080።

ጥርጣሬው የወደቀው መዛኙ ላይ ነው። ከሾፌሮች ጋር ተመሳጥሯል ተባለና ለጊዜው ከሚዛኑ ተነሥቶ ጆንያ ቆጠራ ላይ ተመደበ። ልጁን በደንብ አውቀዋለሁ። ደግሞም ፕሮግራሙ ላይ ባዶ ክብደት የሚቀይርበት ምንም ቦታ የለም። ስለዚህ ጥፋቱ እኔ የጻፍኩት ኮድ ውስጥ ነው፤ ግን ማሳየት አልቻልኩም። እንቅልፍ የነሣኝ ይሄ ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛኑን የሚመስል ላኪ ሠርቼ ብሞክር አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። መጋዘኑ ላይ ደግሞ ንባቦቹን የሚቆጥር ቆጣሪ ጨምሬ፣ ቁጥሩን በፕሪንትኤፍ (ስክሪን ላይ በሚጽፈው የሲ ትእዛዝ) እያሳየሁ ስድስት ቀን ጠበቅሁ፤ ስህተቱ ጠፋ። ቆጣሪውን ባነሣሁ በማግስቱ ተመለሰ። አሁን ኮምፓይለሩ ራሱ መከታተያ ኮድ እንደሚጨምር ሰማሁ። በትክክል የሚጨምረው ምንድን ነው? ያን ቁጥር ማን እንደሚነካው ሊነግረኝ ይችላል? ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው።


ቦርከና፦

ወንድሜ፣ አብሽር። ይሄ ዓይነቱ ባግ ይያዛል።

ኮምፓይለሩ ኮድህን ወደ ማሽን ትእዛዝ ሲለውጥ መሀል ላይ አንድ ደረጃ አለ። እዚያ ላይ ፕሮግራምህ ኮምፓይለሩ ለራሱ በሚመቸው መልክ ይበተናል፤ እያንዳንዱ «ከሜሞሪ አንብብ» እና «ሜሞሪ ላይ ጻፍ» ለየብቻው ይታያል። ኢንስትሩመንቴሽን ማለት ኮምፓይለሩ እዚያ ደረጃ ላይ በየቦታው የራሱን ትእዛዝ ሲሰካ ነው። ሶርስ ኮድህ አይነካም፣ የሚለወጠው የሚወጣው ፕሮግራም ነው። አንተ ፕሪንትኤፍ የምታስገባው የጠረጠርከው ቦታ ላይ ብቻ ነው። እሱ ማንንም ሳይጠረጥር ሁሉም ዘንድ ይሄዳል።

ለሜሞሪ ስህተት የመጀመሪያው ሙከራህ አድሬስ ሳኒታይዘር ይሁን፤ ባጭሩ ኤሳን እንለዋለን። ኮንስታንቲን ሴሬብሪያኒና ሌሎች የጉግል ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው በጽሑፍ ያቀረቡት። በዚያው ዓመት ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር ውስጥ፣ በ2013 ደግሞ ሌላው ኮምፓይለር ጂሲሲ 4.8 ውስጥ ገባ። ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሜሞሪ 1 ባይት «ጥላ» ይይዛል። ጥላው 0 ከሆነ ስምንቱም ባይት መነካት ይችላል። ከ1 እስከ 7 ከሆነ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያን ያህሉ ብቻ። ከዜሮ በታች ከሆነ አንዱም አይነካም። የአንድን አድራሻ ጥላ ለማግኘት አድራሻውን ለ8 አካፍሎ አንድ ቋሚ ቁጥር መደመር በቂ ነው፤ ፍጥነቱ ከዚህ የመጣ ነው። ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ ንባብና ጽሕፈት በፊት ይህችን ምርመራ ይሰካል። በቫሪያብሎች መካከል ደግሞ በሁለት ገበሬ ማሳ መሀል እንደሚተወው ድንበር ባዶ ቦታ ትቶ፣ ጥላውን ክልክል ያደርገዋል። ድንበሩን የረገጠ ወዲያው ይያዛል፤ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ የትኛው መስመር እንደረገጠም ይነገርሃል።

በጽሑፋቸው ላይ ፕሮግራሞች በአማካይ 73 በመቶ ዘግይተዋል፣ ሜሞሪያቸው 3.4 እጥፍ ሆኗል። ለሚዛን ፕሮግራም ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ስትኮምፓይልም ስትሊንክም «ኤፍ ሳኒታይዝ እኩል አድሬስ» የሚለውን ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምርጫ) ጨምር፤ የዲበግ መረጃ የሚያወጣውን «ጂ»ንም አትርሳ። ያለሱ የመስመር ቁጥር አታገኝም።


የሐረጎ ተመላላሽ፦

ቦርከና እህቴ፣ አመሰግናለሁ። እንዳልሽኝ አድርጌ ሦስት ቀን መጋዘኑ ላይ አስኬድኩት። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ የሜሞሪ ዝርዝሩን ስከፍት ፕሮግራሙ 20 ቴራባይት ይዟል ይላል! ግን ላፕቶፑ አልተጨናነቀም፣ እንደወትሮው ሠራ።

ኤሳን ምንም አልተናገረም። አንድም መስመር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አምስት መኪና ተሰልፎ ሳለ አንደኛው ካርኒ ላይ 5,480 የነበረው እንደገና 5,376 ሆኖ ወጣ። ኤሳን እየሠራ፣ ዓይኔ እያየ።

እውነቱን ለመናገር ማታ ሐረጎን ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ሌላ ነው። ኮዴ ንጹሕ ከሆነ የቀረው ልጁ ነው። «ፕሮግራሙ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም» ብዬ ብናገር በእኔ አፍ ተወነጀለ ማለት ነው። ይህን ቃል ከመናገሬ በፊት ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።


ጦሳ ሥር፦

ልጄ፣ ቃሉን ሳትናገር መቆየትህ ደግ ነው። ቁጥሮቹን እስኪ እንደገና እያቸው።

5,120 ማለት 256 ጊዜ 20 ነው። 5,376 ደግሞ 256 ጊዜ 21። 11,776 ሲሆን 46 ጊዜ፣ 14,080 ሲሆን 55 ጊዜ። አራቱም ለ256 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። በ256 እየቆጠረ የሚሰርቅ ሰው የለም፤ በ256 የሚቆጥር ባይት ነው። ባለ አራት ባይት ቁጥር ላይ ዝቅተኛው ባይት ዜሮ ሲደረግ የሚቀረው ልክ ይሄ ነው። በእናንተ ላፕቶፕ ዓይነት ማሽን ላይ ዝቅተኛው ባይት ደግሞ ሜሞሪ ውስጥ ፊት የሚቀመጠው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ከባዶ ክብደቱ በፊት ካለው ቦታ አንድ ባይት ተርፎ እየፈሰሰ ነው፤ የሚፈሰውም ዜሮ ነው።

ሌላም አለ። ሚዛናችሁ በ20 በ20 የሚቆጥር ከሆነ 5,376ንና 11,776ን በምንም መንገድ ሊሰጥ አይችልም፤ ለ20 አይካፈሉም። ይህን ብቻ ለአለቃህ ብታሳየው ልጁ ግማሽ መንገድ ነጻ ወጥቷል።

አሁን ባዶ ክብደቱ ኮድህ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ ከፊቱ ማን እንዳለ ጻፍልን። ያን ጊዜ የጨመርከው ቆጣሪስ የት ነበር?


የሐረጎ ተመላላሽ፦

ጋሼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ለ256 ማካፈል በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር።

ሁሉም ነገር አንድ ስትራክት (ብዙ ቫሪያብሎችን በተርታ የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከሲሪያል የመጣው ቁራጭ የሚያርፍበት የ16 ፊደል አሬይ (ተርታ ቦታ) አለ። ቀጥሎ ባዶ ክብደቱ፣ ባለ 4 ባይት ኢንቲጀር። ከዚያ ሙሉው፣ ከዚያ ታርጋው። ሳነብ «ቢበዛ 16 ባይት ስጠኝ» እላለሁ፣ የመጣውን ብዛት ኤን በሚባል ቫሪያብል እይዛለሁ፣ ከዚያ ጽሑፉን ለመዝጋት የአሬዩን ኤንኛ ቦታ ዜሮ አደርጋለሁ። ቁራጮቹን ሌላ ቦታ እያጣበቅሁ መስመሩ ሲሞላ ወደ ቁጥር እለውጣለሁ።

ቆጣሪውን ያስገባሁት ከአሬዩ ቀጥሎ፣ ከባዶ ክብደቱ በፊት ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ ካርኒ ታትሞ ሲያልቅ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲመለስ አይቻለሁ። አንዴ 1,283 ደርሶ 1,280 አለ። ለሙከራ የጨመርኩት ነው ብዬ ዝም አልኩት። 1,280 ማለት 256 ጊዜ 5 ነው።


ቦርከና፦

ተገኘ። ኤን 16 ሲሆን የአሬዩ 16ኛ ቦታ የሚባል ነገር የለም፤ ቆጠራው ከ0 ተነሥቶ 15 ላይ ያበቃል። ዜሮው የሚያርፈው ጎረቤቱ ላይ ነው። ቆጣሪው በነበረባቸው ስድስት ቀናት ቆጣሪው ተመታ፣ ባዶ ክብደቱ ዳነ። ፕሪንትኤፉ ያዳነው እንዳይመስልህ፤ ያዳነው ከፊቱ የቆመው ቁጥር ነው።

ስህተቱ ሁልጊዜ የማይታየውም ለዚህ ነው። ሲሪያሉ በ9600 ከሆነ አንዱ ባይት አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ፕሮግራምህ ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ጥቂት ባይት እንደመጣ ያነሣል፣ ኤን 3 ወይም 8 ይሆናል። ካርኒ ሲያትም ግን ይዘገያል፣ ባይቶቹ ይጠራቀማሉ፣ ተመልሶ ሲያነብ 16ቱን ሙሉ ያገኛል። መኪና ካልተሰለፈ የሚመታው ታትሞ ያለቀ ባዶ ክብደት ስለሆነ ማንም አያየውም። ከተሰለፈ መዛኙ የሚቀጥለውን ታርጋ አስቀድሞ ይጽፋል፣ አዲሱ ባዶ ክብደት ይገባል፣ ዜሮው እሱ ላይ ይወድቃል። ልጁ ፈጣን በመሆኑ ነው የተጠረጠረው ማለት ይቻላል።

አሁን የጠየቅከው ዝምታ። ይህን ቀድሜ ሳልነግርህ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ኤሳን ድንበር የሚተወው በቫሪያብልና በቫሪያብል መሀል ነው። ስትራክት ለእሱ አንድ ቫሪያብል ነው፣ አንድ ማሳ። አንዱ ማሳ ውስጥ ግማሹ ማሽላ ግማሹ ጤፍ ቢዘራ መሀሉ ላይ ድንበር የለም። ኮምፓይለሩ በገዛ ፈቃዱ ሊተውበትም አይችልም፤ የስትራክት አባላት ቅደም ተከተልና ርቀት የታወቀ ነው፣ ሌላ ኮድና የተቀመጠ ፋይል በዚያ ላይ ተመሥርቷል። ስለዚህ ኤሳን «አላየሁም» አለህ እንጂ «የለም» አላለህም። ቫልግራይንድ የሚባለው ሌላው የሜሞሪ መርማሪም ቢሆን አይዘውም ነበር። እሱ ኮምፓይል የሆነውን ፕሮግራም እያስኬደ ስለሚከታተል የትኛው ባይት የማን አባል እንደሆነ ጭራሹን አያውቅም።

የሚያውቅ አለ። አሬዩ 16 እንደሆነ ዓይነቱ ላይ ተጽፏል፣ ኮምፓይለሩም ያነበዋል። «ኤፍ ሳኒታይዝ እኩል ባውንድስ» ብትለው አሬይ በቁጥር በተጠቆመ ቁጥር ከፊቱ አንድ ማወዳደሪያ ይሰካል፦ ይሄ ቁጥር ከ16 ያንሳል ወይ? ስትራክት ውስጥ ይሁን ውጭ ግድ የለውም። የዩቢሳን (በሲ ሕግ ያልተፈቀደ ነገር ሲሠራ የሚጠቁም መሣሪያ) ቤተሰብ ነው፣ ጥላ ሜሞሪ አያስፈልገውም፣ ሲያገኝም ጽፎ ይቀጥላል እንጂ ፕሮግራሙን አያቆምም። የሱም ገደብ አለው፤ አሬዩን በፖይንተር (በአድራሻው ብቻ) ለሌላ ፋንክሽን ካሳለፍከው ወይም ባይቶችን በጅምላ በሚገለብጠው በሜምኮፒ ከገለበጥክ መጠኑ ከዓይኑ ይጠፋል። ያንተ ግን በቀጥታ የተጠቆመ ነው፣ ይዘዋል።

ስለ 20 ቴራው አትጨነቅ። ለፕሮግራሞች የተፈቀደው የአድራሻ ክልል 128 ቴራ ነው፤ ለ8 ሲካፈል ጥላው ብቻ 16 ቴራ አድራሻ ይይዛል። የተያዘው አድራሻ ነው፤ ራም የሚበላው በእርግጥ የተነካው ብቻ ነው።


ገራዶ፦

ዘግይቼ ገባሁ። አለቃህ «ስንት ጊዜ ሆነ?» ማለቱ አይቀርም፤ ለዚያ ጂኮቭ ይረዳሃል። ኤን 16 የሆነበትን ሁኔታ ለብቻው በኢፍ አውጣው፣ «ከቨሬጅ» በሚለው ፍላግ ኮምፓይል አድርግ፣ መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተኬደበት ይቆጥርልሃል።

እኔ የምወደው አቆጣጠሩን ነው። ሁሉም ቦታ ቆጣሪ አያስቀምጥም። ከደሴ ኮምቦልቻ የገቡትን መኪኖች ሐረጎ ላይ ቆጠርክ እንበል፣ ወደ ባቲ የታጠፉትንም ቆጠርክ። ከተማው ውስጥ የቀረ ከሌለ ወደ ከሚሴ የሄዱትን ለመቁጠር ሌላ ሰው ማቆም አያስፈልግህም፣ ትቀንሳለህ። የፕሮግራምም መንገዶች እንዲሁ ናቸው። ክኑትና ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ጥቂት ቆጣሪ ብቻ አስቀምጦ ሌላውን በስሌት ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ፤ ቦልና ላረስ በ1994 ቆጣሪዎቹ ብዙ በማይኬድባቸው መንገዶች ላይ እንዲያርፉ አደረጉ። ጂኮቭም ቆጣሪ የሚያስቀምጠው መቀነስ በማይበቃበት መንገድ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ቆጠራው ፋይል ላይ የሚጻፈው ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው ከሞተ ወይም በግድ ከተገደለ የቀኑ ቆጠራ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ በየሰዓቱ «ጂኮቭ ደምፕ» የሚባለውን ፋንክሽን ራስህ ጥራ፣ ከዚያ «ጂኮቭ ሪሴት»ን። ድሮ «ጂኮቭ ፍላሽ» የሚባል ነበር፣ ከጂሲሲ 11 ወዲህ የለም። የድሮ ጽሑፍ አይተህ እንዳትፈልገው።


የሐረጎ ተመላላሽ፦

በአራተኛው ቀን ተመለስኩ።

ባውንድሱን ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጫንኩት። ከጠዋቱ 3:40፣ ሁለተኛው ካርኒ ታትሞ እንዳለቀ፣ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር ከነመልእክቱ ወጣ፦ ጠቋሚ ቁጥር 16፣ 16 ፊደል ካለው አሬይ ውጭ ነው። ከመቶ ጊዜ በላይ ያነበብኩት መስመር ነው። ሁልጊዜ ትክክል መስሎ ይታየኝ ነበር።

ከማስተካከሌ በፊት ግን አለቃዬን፣ የሂሳብ ክፍሏን እታባንና መዛኙን ሚዛን ቤቱ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ስለ ባይት አላወራሁም። ሁለት ባዶ መኪና አሰልፈን ልጁ እንደወትሮው ፈጥኖ ታርጋውን እንዲጽፍ አደረግሁ። በሦስተኛው ሙከራ ባዶ ክብደቱ ፊታቸው ተቀየረ፣ መልእክቱም በዚያችው ቅጽበት ወጣ። ልጁ እጁ ኪቦርዱ ላይ አልነበረም። ጋሼ ያሉትንም አሳየሁ፤ ሚዛኑ በ20 የሚቆጥር ሆኖ 5,376 ከየት መጣ? እታባ ካልኩሌተሯን አውጥታ ራሷ አካፈለችው፣ ሁለቴ። ከዚያ ካርኒዎቹን ወደ ጎን አደረገቻቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ያስተካከልኩት። «ቢበዛ 16» የነበረውን «ቢበዛ 15» አደረግሁት። አንዲት ቁጥር። ልጁ ከሰዓት በኋላ ወደ ሚዛኑ ተመልሷል።

ገራዶ፣ ጂኮቩን አስኬጄዋለሁ፤ ከሐሙስ ጀምሮ ከእታባ ጋር የድሮዎቹን ካርኒዎች ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ እናያለን። ካርኒው ላይ የወጣው ባዶ ክብደት ለ256 ያለ ቀሪ የሚካፈልና ልዩነቱ ከ256 በታች የሆነውን ሁሉ እኔ ፈርሜበት እሄዳለሁ።

ቦርከና፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ባውንድሱን ላውጣው ወይስ ሥራ ላይ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ልተወው?


ቦርከና፦

ተወው። በአንድ ጥቆማ አንዲት ማወዳደሪያ ናት፣ ላፕቶፑ አይሰማትም። መልእክቶቹን ግን ስክሪን ላይ ሳይሆን ቀን ያለበት ፋይል ላይ እንዲጽፍ አድርግ፤ መዛኙ ሥራ ላይ ስክሪኑን አያነብም። ኤሳንን ሥራ ላይ አታሰማራው፣ ቤት ውስጥ ስትሞክር ተጠቀምበት። ቤት የሠራኸው ላኪ ደግሞ አንዳንዴ ዘግይቶ 16ቱን ባይት በአንድ ጊዜ እንዲልክ አድርገው። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ደሴ ላይ ሆነህ ታየው ነበር።


የሐረጎ ተመላላሽ፦

ዛሬ ማታ እሱን ነው የምሠራው።